ከኮርኒሱ በላይ የሌሊት ወፎች አሉ፤ ቀዳዳውን አሁን ልድፈነው ወይስ ልጠብቅ?

የኮርኒስ ጎረቤት (ጥያቄ አቅራቢ) ፦ ሰኞ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሦስት ጊዜ የሌሊት ወፍ ቤታችን ገብታብናለች። የመጀመሪያዋ በሳሎኑ መብራት ዙሪያ ስትዞር ቆይታ በተከፈተው በር በራሷ ወጥታ ሄደች። ሁለተኛዋን ጠዋት ላይ በመጋረጃ እጥፋት ውስጥ ተሸጉጣ አገኘናትና በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ውጭ ለቀቅኋት። ሦስተኛዋ የትናንቷ ናት። መጥረጊያ ይዤ ክፍሉን ሙሉ ሳሯሩጣት አምፖሉን ከነሽፋኑ ሰብሬ፣ እሷን ግን ሳልነካት፣ በጨለማ ቀረሁ። በመጨረሻ ግድግዳ ላይ አርፋ በእጅ ባትሪ ሳያት፣ ክንፏን ስታጥፍ ከአውራ ጣቴ እምብዛም የማትበልጥና የደረቀ ቅጠል የምትመስል ሆና አገኘኋት፤ ያን ያህል ያስሮጠኝ ነገር ይህ ነው ብዬ አፈርኩ።

ከኮርኒሱ በላይ ምሽት ሊሆን ሲል የመቧጨርና የቀጭን ጭጭታ ድምፅ እንሰማለን። ከውጭም በጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ በአንደኛው ማዕዘን ላይ፣ የአይጥ የሚመስል ጥቁር ኩስ ግድግዳው ላይ ተጣብቋል። አንድ ግንበኛ ቅዳሜ መጥቶ ክፍተቱን ሁሉ በሲሚንቶ ሊደፍንልኝ ተስማምተናል። ከዚያ በፊት ልምድ ያላችሁን ሁለት ነገር ልጠይቅ፤ ክፍል ውስጥ የገባችውን ያለ ጉዳት ማስወጣት የሚቻለው እንዴት ነው? ቀዳዳውን ቅዳሜ መድፈኔስ ትክክል ነው?

ረጋ በል ፦ ሰኞ

የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። መጥረጊያውን ያስቀምጡት። የሌሊት ወፍ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ስትበር አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳው ዘንድ ከፍ፣ መሐል ላይ ደግሞ ዝቅ እያለች ነው የምትመላለሰው። እርስዎ መሐል ወለሉ ላይ ሲቆሙ በቀጥታ ወደ ፊትዎ የምትወረወር የሚመስልዎት በዚህ ምክንያት ነው፤ እርስዎን ፈልጋ ሳይሆን መታጠፊያዋ ላይ ስለቆሙ ነው። ስለዚህ ግድግዳ ተጠግተው ይቁሙ፤ ወደ ሌሎች ክፍሎች የሚወስዱትን በሮች ይዝጉ፤ የአየር ማራገቢያ ካለ ያጥፉ፤ ወደ ውጭ የሚከፈተውን መስኮት እስከ መጨረሻው ከፍተው መጋረጃውን ይሰብስቡ። ቀጥሎም የክፍሉን መብራት አጥፍተው ዝም ብለው ይጠብቁ። የሚገባውን ንፋስ ተከትላ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ትወጣለች።

አርፋ ከሆነ ወፍራም የቆዳ ጓንት ያድርጉ። አፈ ሰፊ ዕቃ ወይም ትንሽ ካርቶን ቀስ ብለው ይድፉባት፤ በዕቃውና በግድግዳው መካከል ጠፍጣፋ ወረቀት ያስገቡና እንደ ክዳን ይያዙት። ወደ ውጭ ሲወስዷት መሬት ላይ አይጣሏት። ብዙዎቹ ዝርያዎች ከመሬት ተነሥተው መብረር ይቸግራቸዋል፤ ከዛፍ ግንድ ወይም ሻካራ ከሆነ ግድግዳ ላይ፣ ከሰው ቁመት ከፍ አድርገው ቢያስጠጓት ተንጠልጥላ፣ ጥቂት ተንቀጥቅጣና ሰውነቷን አሙቃ ትበራለች። በጨርቅ መጠቅለል ግን አይደገም፤ ጥርሷ ስስ ጨርቅን ያልፋል።

አናጢው ፦ ሰኞ

የቅዳሜውን ቀጠሮ አይሰርዙ፤ ሥራውን ግን ይቀይሩት። ጣሪያና ኮርኒስ ሥራዬ ስለሆነ እንዲህ ዓይነት ቤቶችን ደጋግሜ አይቻለሁ። እርስዎ አንድ ችግር ያሉት ነገር ሁለት ነው፤ አንደኛው ከውጭ ወደ ጣሪያው ሥር የሚገቡበት ቀዳዳ፣ ሌላው ከጣሪያው ሥር ወደ ክፍሎቹ የሚወርዱበት ክፍተት። ሁለተኛውን ዛሬውኑ መዝጋት ይቻላል፤ ማንንም አይጎዳም። የመብራት ሽቦ በኮርኒሱ የሚያልፍበትን ቀዳዳ፣ የውኃ ቧንቧ የወጣበትን፣ ወደ ኮርኒሱ የሚወጣበትን ክዳን ዙሪያ፣ ኮርኒሱና ግድግዳው የሚገናኙበትን ስንጥቅ፣ የተሰነጠቀ የኮርኒስ ቁራጭን ሁሉ ይፈትሹ። ፍተሻው እንዲቀልልዎ ክፍሉን አጨልመው ሌላ ሰው ከላይ በባትሪ እንዲያበራ ያድርጉ፤ ብርሃን ያፈሰሰ ቦታ ሁሉ መዘጋት አለበት። የሰው ትንሽ ጣት የሚያስገባን ክፍተት አይናቁ፤ ትንንሾቹ ዝርያዎች አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ስፋት ባለው ቀዳዳ ተጠፍጥፈው ያልፋሉ።

የውጩን ግን አሁን አይንኩ። ምክንያቴ ይህ ነው፤ በሞቃት ጣሪያ ሥር በብዛት የሚሰበሰቡት አብዛኛውን ጊዜ እናቶች ናቸው። የጣሪያው ሙቀት ግልገሎቻቸውን ቶሎ ያሳድግላቸዋል። ግልገሎቹ ሲወለዱ ጸጉር የላቸውም፤ ለመብረር እንደየዝርያው ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። እናቶቹ ማታ ሲወጡ እነሱ ከላይ ይቀራሉ። በሁለት ሳምንት ሦስት ጊዜ መግባታቸው ደግሞ አንድ ነገር ይጠቁመኛል፤ ገና መብረር የጀመሩ ልጆች መንገድ ስተው ወደ ታች የሚወርዱበት ወቅት ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ሁሉም ለመብረር የቀራቸው ጥቂት ነው ማለት ነው። አንዳንዴም ቆርቆሮው ከልክ በላይ ሲግል ቀዝቃዛ ቦታ ፍለጋ ይወርዳሉ።

ለማረጋገጥ ሁለት ሰው ሆናችሁ ፀሐይ ስትጠልቅ ከቤቱ ውጭ በተቃራኒ ማዕዘን ቁሙ። ከጠለቀች ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ መውጣት ይጀምራሉ። የሚወጡበትን ቀዳዳ ለዩ፤ ቁጠሩም። ከሳምንት በኋላ ደግማችሁ ቁጠሩ። ቁጥሩ ካደገ ልጆቹ መውጣት ጀምረዋል ማለት ነው፤ ማደጉን ሲያቆም ሥራው ይጀመራል።

ቶሎ ይፍቱት ፦ ሰኞ

አክባሪዎ ነኝ፤ ነገር ግን ይህ ሁሉ ጥበቃ ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባኝም። ሰው በገዛ ቤቱ ተኝቶ ማደር አቅቶት ሳለ ለስድስት ሳምንት ወፍ ቆጣሪ ሁን ማለት ቀልድ ነው። ናፍታሊን ከኮርኒሱ በላይ ቢበተን ሽታው ያባርራቸዋል። እርሱ ባይሠራ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ የሚያወጡ መሣሪያዎች ይሸጣሉ። ይህም ባይሆን የአይጥ መርዝ አለ። ቅዳሜ ይድፈኑትና ይገላገሉ።

አናጢው ፦ ሰኞ

ናፍታሊኑ እነሱን ሊያባርር የሚችለው በብዙ መጠን ሲበተን ነው፤ በዚያ መጠን ደግሞ ከታች የሚተኛው ሰው ከእነሱ አስቀድሞ ይታመማል። ሽታው ሲቀንስም ይመለሳሉ። በድምፅ ስለሚያባርሩት መሣሪያዎች፦ የሌሊት ወፍ የራሷን ድምፅ እየላከች በገደል ማሚቶው መንገዷን የምታውቅ ፍጥረት ናት። ጣሊያናዊው ስፓላንዛኒ በ1790ዎቹ ማየት ባትችልም እንቅፋት ሳትነካ እንደምትበር አሳይቶ ነበር፤ አሜሪካዊው ዶናልድ ግሪፊን ደግሞ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ምስጢሩ ሰው የማይሰማው ድምፅ መሆኑን አረጋገጠ። ሰዎች ከዚህ ተነሥተው ድምፅ ያስደነግጣታል ብለው መሣሪያ ይሠራሉ፤ እኔ ግን ሥራ ላይ እንዳለ ከነመብራቱ አንዱን መሣሪያ ከኮርኒስ በላይ አግኝቼ ከጎኑ ተንጠልጥለው ተኝተው ነበር። መርዙን በተመለከተ፣ የሌሊት ወፍ ነፍሳት በሊታ ስለሆነች እህል ውስጥ የተደበቀ መርዝ አትበላም፤ በዱቄት መልክ ቢረጭ ደግሞ የተመረዙት ደካማ ሆነው ወደ ክፍልና ወደ ግቢ ይወድቃሉ፤ ልጅም ድመትም ያነሣቸዋል።

አንድ ጊዜ ያጠፋሁ ፦ ማክሰኞ

ቶሎ ይፍቱት የሚሉትን ወንድሜን እረዳቸዋለሁ፤ እኔም እንደ እርሳቸው አስቤ አድርጌዋለሁና። የሠራው ባለሙያ ቀን ላይ መጥቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ የጣሪያውን ጠርዝ ሁሉ በሲሚንቶና በፎም ደፍኖ ሄደ። እኔ ደግሞ ቀን ቀን ውስጥ እንደሚተኙ ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም፤ ውስጡ ማንም የሌለ ይመስል በር ዘጋንባቸው።

በዚያው ምሽት ከኮርኒሱ በላይ ያለው ጫጫታ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ይመስል ነበር። መውጫ ሲያጡ ቁልቁል ፈለጉ። በመታጠቢያ ቤቱ የአየር ማስወጫ ቀዳዳ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ መጡ፤ ሰባተኛዋ ላይ መቁጠር ትቼ ቤተሰቡን ይዤ ወደ ዘመድ ቤት ሄድኩ። ዳግመኛ ያስከፈትኩት በሦስተኛው ቀን ነው። የወጡት ወጡ፤ ያልወጡት ግን ነበሩ። ሽታው ከሳምንት በኋላ ጀመረ፤ በኮርኒሱ ላይም ቢጫ ነጠብጣብ ታየ። ሁለት ክፍል ኮርኒስ አስፈርሼ አዲስ አሠራሁ። ሲፈርስ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቀው ያየኋቸውን፣ ጥፍር የሚያህሉትን ነገሮች መግለጽ አልፈልግም። ስድስት ሳምንት መጠበቅ ከዚህ ሁሉ ይቀላል ብል ይታመኑኝ።

ነርስ ነኝ ፦ ማክሰኞ

ውይይቱ ስለ ጣሪያው ጥሩ መልስ አግኝቷል። እኔን ያሳሰበኝ በጥያቄው ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር የታለፈ ነገር ነው። ጥያቄ አቅራቢው ሁለተኛዋን «ጠዋት ላይ በመጋረጃ ውስጥ አገኘናት» ብለዋል። የማን ክፍል መጋረጃ ነው? ሌሊቱን በዚያ ክፍል የተኛ ሰው ነበር?

የምጠይቀው ለማስፈራራት አይደለም። የሌሊት ወፍ ጥርስ ቀጭን ስለሆነ ንክሻዋ የመርፌ ጫፍ ያህል ምልክት ብቻ ሊተው፣ ጭራሽም ሳይታይ ሊቀር ይችላል። የነቃ አዋቂ ሰው ከተነከሰ ያውቃል፤ ተኝቶ ያደረ ሰው፣ ሕፃን ልጅ፣ ወይም የደረሰበትን በትክክል መናገር የማይችል ሰው ግን ላያውቅ ይችላል። በዚህ ምክንያት የጤና ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ሁኔታ እንደ ንክሻ ቆጥረው ነው የሚመረምሩት። ለዚህ ጥንቃቄ ምክንያቱ በእኛ ቋንቋ የእብድ ውሻ በሽታ የምንለው ነው፤ ስሙ ውሻን ቢጠራም በሌሎች አጥቢ እንስሳትም ይተላለፋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም መዳን የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን ክትባቱ በወቅቱ ከተሰጠ ይከላከላል።

ከላይ ረጋ በል የሰጡት ምክር ጥሩ ነው፤ አንድ ልዩ ሁኔታ ግን ልጨምርበት። ተኝቶ የነበረ ሰው ወይም ሕፃን ባለበት ክፍል የሌሊት ወፍ ከተገኘች፣ ወይም ሰው ከነከሰች፣ መስኮት ከፍቶ መልቀቅ አይገባም። በዚያው በካርቶንና በወረቀት ዘዴ፣ እጅ ሳይነካት ይዞ፣ ክዳኑን ዘግቶ ለጤና ተቋም ማሳወቅ ነው። ምርመራው የሚሠራው በአንጎሏ ላይ ስለሆነ ጭንቅላቷን መቀጥቀጥ ምርመራውን ከንቱ ያደርገዋል። ከበሽታው ነፃ ሆና ከተገኘች ሰውየው ከክትባት ይድናል።

የኮርኒስ ጎረቤት ፦ ማክሰኞ

እውነቱን ለመናገር ጥያቄዎን ሳነብ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። መጋረጃው የአራት ዓመት ልጃችን ክፍል ነው። ሌሊቱን ብቻዋን ተኝታ ነበር። ሰውነቷ ላይ ምንም አላየንም፤ እሷም ምንም አላለችም። ነገሩ ግን ዘጠኝ ቀን አልፎታል፤ ወፏንም ለቅቄአታለሁ። አሁን መሄዱ ጥቅም አለው?

ነርስ ነኝ ፦ ማክሰኞ

አለው፤ ዛሬውኑ ይሂዱ። በሽታው ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፤ ከዚያ ያጠረበትም የረዘመበትም አለ። ዘጠኝ ቀን ማለፉ ላለመሄድ ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ ይልቁንም ሌላ ቀን ላለመጨመር ምክንያት ነው። የሆነውን ሁሉ ሳይቀንሱ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ክትባት ያስፈልጋል ወይ የሚለውን የሚወስነው እርሱ ነው። በጨርቅ የያዟት እርስዎም ይመርመሩ። ወደፊት ማንም ቢነከስ ወይም ቢቧጨር፣ ወደ ሐኪም ከመሄዱ በፊት ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ መታጠብ አለበት። ይህ ቀላል ቢመስልም ከሕክምናው የመጀመሪያው ክፍል ነው።

ልዩ አስተያየት ፦ ረቡዕ

ለእህታችን ለነርሷ አክብሮት አለኝ። ሆኖም ሰው በከንቱ እንዳይጨነቅ የሚከተለው ቢታወቅ። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59,000 የሚገመት ሰው ይሞታል ይባላል፤ ከእነዚህ እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት የተያዙት ከውሻ ነው። ከዚህም በላይ ያ የታወቀው ቫይረስ በሌሊት ወፎች ውስጥ የሚገኘው በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ ብቻ እንደሆነ አንብቤአለሁ። ታዲያ በሌላው ዓለም የሚኖር ሰው ለምን ይሮጣል?

ነርስ ነኝ ፦ ረቡዕ

ያነበቡት ትክክል ነው፤ የደረሱበት መደምደሚያ ግን አይደለም። የታወቀው ቫይረስ ከአሜሪካዎቹ ውጭ በሌሊት ወፎች ላይ አይታይም፤ ነገር ግን የቅርብ ዘመዶቹ በሌሎቹ አህጉራት በሌሊት ወፎች ውስጥ ተገኝተዋል፤ የሚያስከትሉትም ያንኑ በሽታ ነው። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 ተኝቶ ሳለ ከንፈሩን በሌሊት ወፍ የተነከሰ ሰው በበሽታው ሞቷል፤ ከአካሉ የተለየው ቫይረስ ቀድሞ ከሚታወቀው የተለየ ሆኖ ተገኘ። በአውስትራሊያም እ.ኤ.አ. በ1996 ሌላ ዘመዱ ታውቋል። እንዲህ ዓይነት ሞት በጣም ጥቂት መሆኑን እስማማለሁ፤ ከውሻ ጋርም አይነጻጸርም። እኔ የምለው ቤትዎ የሌሊት ወፍ ካለ ይሽሹ አይደለም። ከላይ ተንጠልጥላ የምትኖረው ማንንም አትነካም። እጅ የነካት፣ ወይም ሕፃን አብሯት ያደረ እንደሆነ ብቻ ሐኪም ይወስን ነው።

የኮርኒስ ጎረቤት ፦ ሐሙስ

ትናንት ሄደናል። ሐኪሙ ዝርዝሩን ከሰማ በኋላ ለልጃችንም ለእኔም ክትባቱ እንዲጀመር አዘዘ፤ የመጀመሪያውን ወስደናል፤ የቀሩትም ቀናቸው ተጽፎ ተሰጥቶናል። ልጄ ከመርፌው ይልቅ ያዘነችው ወፏ ስሟ ሳይጠየቅ በመለቀቋ ነው።

ማታ እኔና ባለቤቴ እንደተባልነው በሁለት ማዕዘን ቆምን። ፀሐይ ከጠለቀች ከ20 ደቂቃ በኋላ ግድም፣ ኩሱ ከነበረበት ማዕዘን፣ ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ሞገድ ሥር፣ መጀመሪያ አንዲት አፍንጫ ብቅ አለች። ጥቂት ቆይታ እንደ ጠብታ ቁልቁል ወደቀችና መሬት ሳትደርስ ክንፏን ዘርግታ ሄደች። ከዚያ በየሰኮንዱ ይከተሏት ጀመር። 31 ቆጠርኩ። በቀዳዳው ከንፈር ላይ ቅባት የነካው የሚመስል ቡናማ ጭረትም አለ፤ ከዚህ በፊት በየቀኑ በሥሩ እያለፍኩ አላየሁትም ነበር። ባለቤቴ በቆመችበት በኩል ምንም አልወጣም።

አናጢው ፦ ሐሙስ

ደግ አደረጋችሁ። አንድ ዋና መውጫ ብቻ መሆኑ ሥራውን ያቀልለዋል። ጭረቱ የሚመጣው ከሰውነታቸው ቅባትና ከአቧራ ነው፤ ለዓመታት እንደተጠቀሙበት ያሳያል። በነገራችን ላይ እነሱ እንደ አይጥ እንጨት አይቦረቡሩም፤ ሽቦም አይበሉም፤ ጎጆም አይሠሩም። ቀዳዳውን የተውነው እኛ ግንበኞችና አናጢዎች ነን።

ቅዳሜ ግንበኛው የውስጡን ክፍተት ሁሉ ይድፈን። ከውጭም ካልተጠቀሙባቸው ትንንሽ ክፍተቶች በስተቀር ምንም አይንካ፤ እነዚያን አሁን መዝጋቱ ኋላ ሌላ በር እንዳይፈልጉ ይረዳል። ከዚያ ቆጠራው ይቀጥል። ቁጥሩ ሲረጋ መረቡን እንሰቅላለን። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ቀዳዳው ትንሽ፣ እስከ አራት ሚሊ ሜትር የሆነና የማይጠላልፋቸው ቀላል የፕላስቲክ መረብ ይገኝ። ከመውጫው በላይና በሁለቱም ጎን ግድግዳው ላይ ይያዝ፤ ከታች በኩል ግን ልቅ ሆኖ ከቀዳዳው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ ይንጠልጠል። የምትወጣዋ በመረቡና በግድግዳው መካከል ወደ ታች ትሳባለች፤ ከታች ወጥታም ትበራለች። ስትመለስ የምትፈልገው ግን የለመደችውን ቀዳዳ ስለሆነ በቀጥታ ወደዚያው ትመጣና ከመረቡ ጋር ትጋጫለች፤ ዝቅ ብላ ከታች መግባትን አታስብም። ይህ ቢያንስ ከአምስት እስከ ሰባት ሌሊት ይቆይ። ከባድ ዝናብ ወይም ብርድ ያለበት ሌሊት አይቆጠርም፤ በዚያን ጊዜ ሳይወጡ ሊያድሩ ይችላሉ። በመጨረሻው ምሽት ተቀምጣችሁ አንዳችም ካልወጣች መረቡ ይነሣ፤ ቀዳዳውም በማግሥቱ በሽቦ ወንፊትና በሲሚንቶ ይደፈን።

ቶሎ ይፍቱት ፦ ሐሙስ

«አንድ ጊዜ ያጠፋሁ» የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ስለ መድፈኑ ሐሳቤን አንሥቻለሁ። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ይዞ ሩቅ ወስዶ መልቀቅስ አይቀልም? የተከማቸውስ ኩስ እንዴት ይጸዳል? የእኔም ኮርኒስ በላይ ሳይኖር አይቀርም።

የማታ በራሪ ወዳጅ ፦ ዓርብ

ሩቅ ወስዶ መልቀቅ ድካም ብቻ ነው፤ የለመዱትን ማደሪያ ፈልገው ይመለሳሉ። ማደሪያቸውንም ለረጅም ዘመን አይረሱም፤ በሳይቤሪያ ምልክት ተደርጎበት ከ41 ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኘ አንድ ወንድ የሌሊት ወፍ ነበረ፤ የዚያ ዝርያ ክብደት አሥር ግራም አይሞላም። ከዚህ ጋር ደግሞ አብዛኞቹ በዓመት አንድ ልጅ ብቻ ነው የሚወልዱት። አይጥ በዓመት ያጣችውን በወራት ትተካለች፤ እነሱ ግን አንድ ጣሪያ ሥር ያለቁትን ለመተካት ዓመታት ይፈጅባቸዋል። በብዙ አገሮች ሕግ የሚጠብቃቸው ለዚህ ነው፤ በብሪታንያ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ሕግ ማደሪያቸውን እንኳ ያለ ፈቃድ መዝጋትን ይከለክላል። ስለዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚመለከተውን የአካባቢ መሥሪያ ቤት መጠየቅ ተገቢ ነው። ነፍሳት ስለሚለቅሙ ከጣሪያው ሥር መውጣታቸው እንጂ ከግቢው መራቃቸው ለማንም አይጠቅምም።

ኩሱን የምታጸዱት ወፎቹ ከወጡና ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ ነው። ከአይጥ ኩስ የሚለየው በእንጨት ሲጫኑት ወደ ዱቄት የሚፈርስ በመሆኑ ነው፤ በውስጡም የነፍሳት ክንፍ ስባሪ ያብለጨልጫል። ዱቄትነቱ ነው ችግሩ። በተከማቸ ኩስ ላይ ሂስቶፕላዝማ የሚባል ፈንገስ ሊበቅል ይችላል፤ አቧራው ወደ ሳንባ ሲገባ ሂስቶፕላዝሞሲስ የተባለውን በሽታ ያመጣል። ስለዚህ ደረቁን መጥረግ ወይም በተራ የአቧራ መምጠጫ መምጠጥ ፈጽሞ አይገባም። ኤን 95 የተባለውን ጭንብል፣ ጓንትና የሚጣል ልብስ ለብሶ በመጀመሪያ ውኃ በቀስታ መርጨት፤ እስኪርስ መጠበቅ፤ ከዚያም በአካፋ እየሰበሰቡ ድርብ ላስቲክ ውስጥ ማሰር ነው። ጥቂት እፍኝ ከሆነ ራስዎ ይችሉታል። ጣሪያውን የሞላ ከሆነ፣ ወይም በቤቱ ውስጥ ሳንባው የታመመ ሰው ካለ ለባለሙያ ይተዉት።

አንድ ጊዜ ያጠፋሁ ፦ ዓርብ

አንድ ነገር ልጨምር። ኮርኒስ ሰው አይሸከምም። ለማጽዳት ስትወጡ እግራችሁ በማገሩ ላይ ብቻ ይሁን። ይህንንም የማውቀው ከልምድ ነው፤ ዝርዝሩን ግን አልናገርም።

የኮርኒስ ጎረቤት ፦ ከስድስት ሳምንት በኋላ

የሆነውን ልነግራችሁ ተመልሻለሁ። ግንበኛው በዚያች ቅዳሜ የውስጡን ክፍተቶች ደፈነ፤ ከዚያ ወዲህ አንዲትም ክፍላችን ውስጥ አልገባችም። ከሁሉም የከፋው ቀዳዳ የልጃችን ክፍል መብራት የተሰቀለበት ነበር፤ ከላይ ባትሪ ሲበራ ጨረሩ ቀጥታ አልጋዋ ላይ ወረደ። የተጠቀሱትን ክትባቶች ጨርሰናል፤ ሁለታችንም ደኅና ነን።

ቆጠራው እንዲህ ነበር። በመጀመሪያው ምሽት 31፣ በሳምንቱ 47፣ በሁለተኛው ሳምንት 52፣ በሦስተኛው 51። አናጢው እንዳሉት ቁጥሩ ሲረጋ ለጥንቃቄ አንድ ሳምንት ጨመርኩና መረቡን ሰቀልን። በመጀመሪያው ምሽት የወጣችው መረቡን ስታገኝ ግራ ተጋባች፤ ወደ ጎን ሞከረች፣ ወደ ላይ ሞከረች፣ በመጨረሻ በጀርባዋ እንደምትንሸራተት ልጅ ቁልቁል ወረደች። ሌሎቹ እሷን ተከተሉ። ሊነጋ ሲል ተነሥቼ ስመለከት በማዕዘኑ ዙሪያ ሲያንዣብቡ ነበር፤ እየመጡ መረቡን ይነኩና ይመለሳሉ። ያን ቀን ጠዋት ትንሽ ከበደኝ ብል አልዋሽም። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ የቀሩት ጥቂቶች ነበሩ፤ በስምንተኛው ምሽት ማንም አልወጣም፤ በማግሥቱ ቀዳዳው ተደፈነ። ኩሱ ሁለት ላስቲክ ሞልቷል፤ ረጥቦ ሲሰበሰብ አቧራ አልነበረውም።

ከግቢው ጥግ ባለው ረጅም ግድግዳ ላይ፣ ከመሬት አራት ሜትር ከፍታ፣ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል፣ ውስጡ ሻካራ የሆነ ጠባብ የእንጨት ሣጥን ሰቅለንላቸዋል። እስካሁን ባዶውን ነው። ልጄ ግን በየምሽቱ በባትሪ እየፈተሸችው ትገኛለች፤ የሰበርኩት የአምፖል ሽፋንም ገና አልተተካም።